ኮከብ ቆጥሮ ሆቴል መምረጥ፦ የስፔን ፓራዶሮች ምን ያስተምሩናል?

በስደት ዓለም በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ "ዘንድሮ ዕረፍቴን ስፔን ነው የማሳልፈው፤ ደህና ሆቴል ይዣለሁ" ብሎ መናገር ኃጢአት የመናዘዝ ያህል ይከብዳል። እንደሚታወቀው የዓመት ፈቃዳችን የሚያልቀው አንድም በሠርግና በለቅሶ፣ አንድም አገር ቤት ዘመድ በመጠየቅ ነው። ከዚያ የተረፈ ገንዘብ ቢኖር ወደ ሐዋላ ቤት ይሄዳል። አንድ ሰው በስንት ዘመን አንዴ ለራሱና ለቤተሰቡ ደህና ገንዘብ ለማውጣት ሲቆርጥም፣ እንደ መሸማቀቅ እያለ በችኮላ "ባለ አምስት ኮከብ" የሚለውን አይቶ ይከፍላል። በበኩሌ ስሕተቱ ገንዘቡን ማውጣቱ ሳይሆን ምን እንደሚገዛበት አለመጠየቁ ነው እላለሁ።

ለመሆኑ ኮከብ ምንድን ነው? በስፔን የሆቴል ደረጃ የሚወጣው በማዕከላዊው መንግሥት አይደለም። አገሪቱ 17 ራስ ገዝ አስተዳደሮች አሏት፤ ደረጃ የሚሰጡትም እነርሱ በየራሳቸው ደንብ ነው። ስለዚህ የአንዱ ክልል አራት ኮከብ ከሌላው ክልል አራት ኮከብ ጋር አንድ ነው ማለት አይቻልም። ደንቦቹ በአብዛኛው የሚለኩት ሊቆጠርና ሊመተር የሚችለውን ነው፦ የክፍሉን ስፋት፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ አሳንሰሩን፣ የአየር ማቀዝቀዣውን። በእኛ በመሐንዲሶች ቋንቋ ይህ የዕቃ ዝርዝር እንጂ የአፈጻጸም ፈተና አይደለም። መስኮቱ ሲከፈት የሚታየውን፣ የሌሊቱን ጸጥታ፣ የግድግዳውን ታሪክ የሚመዝን ኮከብ የለም።

ለዚህ ከግራናዳ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። አልሐምብራ በሚባለው የጥንት ሙስሊም ነገሥታት ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ አንድ ሆቴል አለ። ሕንጻው ቀድሞ የፍራንሲስካውያን ገዳም ነበር፤ ንግሥት ኢዛቤላ እ.ኤ.አ. በ1504 ስታርፍ መጀመሪያ የተቀበረችውም እዚያ ነው። ይህ ሆቴል ባለ አራት ኮከብ ነው። ሆኖም ያሉት ክፍሎች አርባ ያህል ብቻ ስለሆኑ ከወራት በፊት ካልያዙት አይገኝም፤ ዋጋውም ከብዙ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴሎች ይበልጣል። እንግዳው የሚከፍለው ለአምስተኛው ኮከብ ሳይሆን፣ ጎብኚው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ በዚያ ግቢ ለማምሸት ነው።

ሆቴሉ "ፓራዶር" ከሚባሉት አንዱ ነው። የመጀመሪያውን ፓራዶር ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1928 በግሬዶስ ተራሮች መርቀው ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ በርካታ አሮጌ ግንቦች፣ ገዳማትና የመሳፍንት ቤቶች እየተጠገኑ ሆቴል ሆነዋል፤ ዛሬ ቁጥራቸው ወደ 100 ይጠጋል። የሚያስተዳድራቸው ኩባንያ ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሰው የማይኖርበት ሕንጻ ጣራው ያፈስሳል፣ ጣራው ያፈሰሰ ሕንጻ ደግሞ ይፈርሳል። እንግዳው የሚከፍለው ኪራይ ሕንጻውን ያኖረዋል። በሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ያለው ባለ አምስት ኮከብ ፓራዶር፣ ፈርዲናንድና ኢዛቤላ እ.ኤ.አ. በ1499 ለተሳላሚዎች እንዲሠራ ያዘዙት ሆስፒታል ነበር፤ ሆቴል የሆነው በ1954 ነው።

ይሁንና ስሙን ብቻ አይቶ መክፈልም ያው ኮከብ መቁጠር ነው። ፓራዶር ሁሉ ጥንታዊ አይደለም፤ የኮርዶባው ከአሮጌው ከተማ ውጭ የተሠራ ዘመናዊ ሕንጻ ነው። የቶሌዶውም ከወንዙ ማዶ ነው፤ ከተማዋን ፊት ለፊት ለማየት ግን ከእርሱ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ሕንጻው ቀድሞ ምን ነበር? ከመስኮቱ ምን ይታያል? የምሄደው በየትኛው ወር ነው? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። በሐምሌና በነሐሴ የሴቪያና የኮርዶባ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣበት ቀን ብዙ ነው፤ ያኔ የትኛውም ኮከብ ከክፍል አያስወጣም። ለደቡቡ ሚያዝያና ጥቅምት ይሻላሉ። የልጆች ትምህርት ቤት ግድ ብሎ በበጋ ብቻ የሚሄድ ሰው ወደ ሰሜን፣ ወደ ጋሊሲያ ያቅና፤ ዝናብ ሊያገኘው ቢችልም አረንጓዴና ቀዝቃዛ አገር ነው።

አራተኛ ጥያቄም አለ፤ የእኔ ዕረፍት ማንን ያፈናቅላል? እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ስፔን የገባው የውጭ ጎብኚ 94 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት በባርሴሎና፣ በማላጋና በማዮርካ ነዋሪዎች የቤት ኪራይ ናረብን ብለው ሰልፍ ወጡ። የባርሴሎና ከተማ አስተዳደርም ለጎብኚ የሚከራዩ አፓርታማዎችን ፈቃድ እስከ 2028 እንደሚያስቀር አስታወቀ። የኪራይ መናር ከሰፈራችን ያስለቀቀን ስደተኞች ይህን ጩኸት ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም። በአንጻሩ በአላርኮን መንደር ያለው ግንብ 14 ክፍል ብቻ ያለው ፓራዶር ነው፤ እዚያ የሚያድር እንግዳ ማንንም ከቤቱ አያስወጣም፣ የመንደሩ ሰው ግን ሥራ ያገኛል።

ቅንጦት ማለት ብዙ መክፈል ከሆነ ማንም ይችለዋል። የላባችንን ዋጋ እናውቃለንና፣ ስናወጣው ሳንሸማቀቅ፣ ግን ጠይቀን እናውጣው።