የቲቢ ሕክምና፦ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ ምርመራው እንዳይሳሳት

የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ታክሞ የሚድን በሽታ ነው። በአገራችን የመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል። ለመዳን ግን የታካሚው ብርታት ብቻውን አይበቃም። መድኃኒቱ በየዕለቱ መገኘት፣ የላቦራቶሪው ውጤትም ትክክል መሆን አለበት። በሁለቱም ላይ እርስዎ የሚያግዙት ነገር አለ።

መድኃኒቱ ቢቋረጥ ምን ይሆናል?

የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድ እና ኢታምቡቶል በአንድነት ይወሰዳሉ፤ በቀሪዎቹ 4 ወራት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይቀጥላሉ። ብዙ ታካሚዎች በጥቂት ሳምንታት ሳሉ ይቀንስላቸዋል፣ የምግብ ፍላጎታቸውም ይመለሳል። ባክቴሪያው ግን ገና አላለቀም። መድኃኒቱ ከተቋረጠ የተረፈው መልሶ ይራባል፤ መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢም ሊከተል ይችላል። የዚህ ሕክምና ደግሞ የበለጠ ከባድ ነው።

ጤና ተቋሙ ክምችቱን እንዴት ይቆጣጠራል?

ዋናው ስሌት ቀላል ነው፤ በእጅ ያለው መድኃኒት ለአማካይ ወርሃዊ ፍጆታ ይካፈላል። በወር 1,200 ኪኒን የሚጠቀም ጤና ጣቢያ 2,400 ቢኖረው፣ ያለው የ2 ወር ነው። ጥያቄ የሚላከው መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ሳይሆን፣ አዲሱ እስኪደርስ የሚበቃ እያለ ነው። ከመጠን በላይ ማከማቸትም ጊዜው አልፎበት እንዲጣል ያደርጋል። ስለዚህ የአገልግሎት ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ ይወጣል። በብዙ ቦታ ደግሞ የአንድ ታካሚ ሙሉ መድኃኒት በአንድ ካርቶን ተለይቶ ይቀመጥለታል፤ ይህም የጀመረው ሰው መሀል ላይ እንዳያጣ ይረዳል።

የምርመራው ጥራት ከእርስዎ ይጀምራል

በማይክሮስኮፕ ለመታየት በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ገደማ ባክቴሪያ መኖር አለበት። ምራቅ ብቻ ከተሰጠ በሽታው እያለ «የለም» ሊባል ይችላል፤ ሰውየውም ሳይታከም ቤተሰቡን ያስይዛል። ስለዚህ፦

• አፍዎን በውኃ ይጉመጥመጡ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ፣ ከደረትዎ በጥልቀት ይሳሉ።
• አክታውን ከሰው ራቅ ብለው አየር ባለበት ቦታ ይትፉ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል።
• ክዳኑን አጥብቀው ዘግተው ወዲያው ያስረክቡ።

ላቦራቶሪው በበኩሉ ማቅለሚያውን ውጤታቸው በታወቀ ናሙናዎች ይፈትሻል። ከታዩት ስላይዶች የተወሰኑት የመጀመሪያውን ውጤት በማያውቅ ሌላ ባለሙያ በድጋሚ ይታያሉ።

ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ጥቂት ባክቴሪያንም ያገኛል፤ ሪፋምፒሲንን መላመዱንም በ2 ሰዓት ገደማ ያሳያል። መሣሪያው «ስህተት» ካለ ግን ነፃ ነዎት ማለት አይደለም፤ ምርመራው ይደገም። የሞተ ባክቴሪያንም ስለሚያነብ የሕክምናውን ለውጥ ለመከታተል አይመረጥም፤ ለዚህ በማይክሮስኮፕ የሚደረገው የአክታ ምርመራ ያገለግላል።

«መድኃኒቱ አልቋል» ቢባሉስ?

• ያለዎትን ለማብቃቃት መጠኑን አይቀንሱ፣ ቀንም አይዝለሉ፤ ለሌላ ሰውም አያካፍሉ።
• በራስዎ ውሳኔ ከአራቱ አንዱን ብቻ ገዝተው አይውሰዱ።
• በዚያው ቀን የቲቢ ክፍሉን ባለሙያ ያነጋግሩ፤ ከቅርብ ተቋም እንዲያመጡልዎ ወይም ወደዚያ እንዲልኩዎ ይጠይቁ።
• የሕክምና ካርድዎን ሁልጊዜ ይያዙ፤ መንገድ ካለብዎት አስቀድመው ይንገሯቸው።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ያለበት የቤተሰብ አባል ካለ ሳይውል ሳያድር ይመርመር።