የጠመንጃ ቁጥርና ወረቀቱ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጠመንጃና ስለ ፈቃድ ወረቀቱ ነው።

ጠመንጃ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማክሰኝት ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በሬውን ሸጦ የሚገዛ አለ። ምንሽርና ውጅግራ ከአባት ለልጅ ሲተላለፉ ኖረዋል። (ውጅግራ የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው።) ታዲያ ገዢ ብረቱን ደጋግሞ ያገላብጣል፤ ወረቀቱን ግን አያገላብጥም። ይህ አደገኛ ነው።

በሩቅ አገር እንዴት እንደሚሠራ እንይ። በአሜሪካ ጠመንጃ የሚነግድ ሰው ከመንግሥት ፈቃድ ያወጣል፤ ፈቃዱም ለ3 ዓመት ነው። ዋናው ሕግ የወጣው በ1961 ዓ.ም. ነበር። አንዱ ነጋዴ ለሌላው ነጋዴ ጠመንጃ ሲልክ፣ ዕቃው ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት የተቀባዩን ፈቃድ ግልባጭ መያዝ አለበት።

ግልባጭ ግን ወረቀት ነው። ሌባ የሰው ፈቃድ አግኝቶ አድራሻውን ብቻ ቢለውጥስ? ጠመንጃው የሚሄደው ለሌባው ነዋ! ስለዚህ ላኪው ከፈቃዱ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን 3 እና የመጨረሻዎቹን 5 አኃዞች ወስዶ የመንግሥትን መዝገብ በኮምፒዩተር ይመለከታል። መዝገቡ የባለፈቃዱን ስምና አድራሻ ያሳየዋል። ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ አይልክም። ሲልክም የጠመንጃውን ቁጥር፣ ቀኑንና የተቀባዩን ስም በደብተሩ ይመዘግባል።

በእኛም አገር ሕግ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝም ሆነ ማዘዋወር በፈቃድ እንዲሆን ደንግጓል። ቁጥጥሩን ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል። ያለ ፈቃድ በመሣሪያ መነገድ በ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያስቀጣል። ይሁን እንጂ በነዳጅ ቦቴ ሳይቀር ተሸሽጎ ሲገባ የተያዘ መሣሪያ አለ።

እንግዲህ አንድ ሰው «ወረቀት አለው» ብሎ ክላሽ ቢያመጣላችሁ ምን ታነባላችሁ? መጀመሪያ ስሙን። ወረቀቱ የሻጩ ነው ወይስ የሌላ ሰው? ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ነው፤ ከጠመንጃው ጋር አብሮ አይሸጥም። ቀጥሎ ቀኑንና ማኅተሙን።

ከዚያ ወደ ብረቱ ሂዱ። የክላሽ ቁጥር በግራ ጎኑ፣ ከካዝናው በላይ ተቀርጿል። አብዛኛውን ጊዜ አኃዞቹ በትምህርት ክፍል የተማራችኋቸው 1፣ 2፣ 3 ናቸው። ጣታችሁን እያስኬዳችሁ አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። 1 እና 7፣ 3 እና 8 እንዳይምታቱባችሁ። አንድ አኃዝ ከተለየ ያ ወረቀት የሌላ ጠመንጃ ነው። ቁጥሩ በሞረድ ተፍቆ ከሆነማ አትንኩት። ሰው የተገደለበት ወይም ከግምጃ ቤት የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ተይዞ የሚጠየቀው ደግሞ በእጁ የተገኘበት ሰው ነው።

ሁሉም ቢገጥም እንኳ ገንዘብ አትቁጠሩ። አስቀድማችሁ ከሻጩ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሂዱና መግዛት መፈቀዱን ጠይቁ፤ መዝገቡም ይታይ። «ምን አደከመህ፣ እዚህ ላይ ፈርምልኝ» የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ ተዉት፤ ይሂድ።

ለዛሬው መልመጃ በደብተራችሁ 471836 እና 417836 ብላችሁ ጻፉ። የት ላይ እንደሚለያዩ በእርሳስ አክብቡ።