ሎሚ ፊት ላይ ለምን አይቀባም?

በቅርቡ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እህታችንን ፊቷን በነጠላ ሸፍና አገኘናት። ማድያት እንዲለቅላት ብላ ሎሚ ጨምቃ ተቀብታ፣ ሳትታጠብ በቀትር ሰገነት ላይ ልብስ ስታሰጣ ቆይታለች። በማግሥቱ ፊቷ ተቃጥሎ ውኃ ቋጠረ፤ ከዚያም ጠቆረ። «ሎሚ ቫይታሚን አለው ሲሉ ሰምቼ ነው» አለችን። የሰማችው ውሸት አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው።

ለፍራፍሬ ሰላጣ የቆረጣችሁት ፖም ወዲያው ቡናማ እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ኦክስጅን ስለሚያገኘው ነው። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ግን ሳይጠቁር ይቆያል፤ አሲዱ ያግዘዋል፣ ቫይታሚን ሲውም ኦክስጅኑን ይሻማለታል። እንዲህ ያሉ ነገሮች አንቲኦክሲዳንት ይባላሉ። በአረንጓዴ ሻይና በወይራ ዘይትም አሉ። ፀሐይ ቆዳችን ውስጥ የምትፈጥራቸውን ጎጂ ነገሮች የሚያበርዱት እነርሱ ናቸው።

ታዲያ ለምን አቃጠላት? ሎሚ ከቫይታሚኑ ሌላ፣ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለው። ክሬም ውስጥ የሚገባው ቫይታሚን ሲ ግን ለብቻው ተመጥኖ ነው። እርሱም ቢሆን አየርና ብርሃን ያበላሸዋል፤ ቡናማ ከሆነ አይጠቅምም። ዋጋውም ውድ ነውና ለቤተሰብ የምትልኩትን ገንዘብ አታፍስሱበት። ለታቡሌ የምትከትፉት በቅዱኒስ፣ ጥሬ ቃሪያ፣ ብርቱካን ይህንኑ ቫይታሚን ይሰጧችኋል።

እኛን ይበልጥ የሚያስፈራን ክዳኑ ላይ ቅጠል ወይም ሎሚ ተሥሎበት «ያነጣል» እየተባለ የሚሸጠው ቅባት ነው። በአንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪ ይገኛል፤ ኩላሊት ይጎዳል፣ ከነፍሰ ጡርም ወደ ፅንሱ ይተላለፋል። እጃችሁ ላይ የቀረው ደግሞ ለምታቅፉት ሕፃን ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸውን ማንጫ ቅባቶች ከገበያ እንዲወጡ አድርጓል፤ በድብቅ መሸጣቸው ግን አልቀረም። ምን እንደተጨመረበት ያልተጻፈበትን ዕቃ፣ ጓደኛ በስጦታ ብትሰጣችሁም፣ አትቀቡ።

ማድያትን የምታባብሰው ፀሐይ ናት። ስለዚህ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ካልተገኘም ሰፊ ሻሽ ይሻላል፤ ልብሱንም ከተቻለ በማለዳ ማስጣት ነው። በረኪና ለሰነጠቀው እጅ ጓንት፣ ማታ ደግሞ ቫዝሊን ይበቃል።

ሎሚ ያጠቆረው ቆዳ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ራሱ እየለቀቀ ይሄዳል። ለእህታችንም የነገርናት ይህንኑ ነው፤ አሁን ተሸፋፍና ነው የምታሰጣው።