ሞተሩን አጥፍተው ይጠብቁ

ልጆችዎን «የዱር እንስሳት ልናይ ነው» ብለው መኪና ውስጥ ሲያስገቡ የመጀመሪያው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «አንበሳ አለ?» በቴሌቪዥን ያዩት ሳፋሪ ሁሉ አንበሳና ዝሆን ነውና አይፈረድባቸውም። ጉዞዎ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ ግን መልሱን ቀድመው ያዘጋጁ፤ «አንበሳ ሐረና ጫካ ውስጥ አለ፣ ማየቱ ግን ዕድል ይጠይቃል። እኛ የምንሄደው ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኙትን ለማየት ነው።»

ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ዲንሾ ሲደርሱ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ያገኛሉ። መግቢያ ከፍለው አስጎብኚ ይያዙ። ለትንንሽ ልጆች ከዲንሾ የተሻለ መጀመሪያ የለም። በእግር እየተንሸራሸሩ የደጋ አጋዘን፣ ከርከሮና ድኩላ ያያሉ። ቤት ውስጥ የተረሳ የ10 ሳንቲም ካለዎት ይዘው ይሂዱ። ልጆች ሳንቲሙ ላይ የተቀረጸውን አጋዘን ከፊታቸው ከቆመው ጋር ሲያስተያዩ ማየት ራሱ ደስ ይላል።

በማግስቱ በማለዳ ከጎባ ሽቅብ ወደ ሳነቴ ይወጣሉ። አምባው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ዛፍ የለም፤ እዚህም እዚያም ጅብራ ቆሞ ይታያል። የቀይ ቀበሮ ቤት ይህ ነው። ቀይ ቀበሮ ከቤተሰቡ ጋር ይኖራል፣ አደን ግን የሚወጣው ብቻውን ነው። ዋና ምግቡ በባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈልና ሌሎች አይጦች ናቸው። እነሱ ቀን ስለሚወጡ እሱም ቀን ያድናል፤ ለእኛ ለተመልካቾች ትልቅ ዕድል ነው።

እኔ ግን ይህን ዕድል አበላሽቼዋለሁ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ጥሩ ፎቶ አይቼ ማለፍ አልችልም። አንዲት ቀበሮ ከመንገዱ ዳር ሆዷን መሬት ላይ አጣብቃ አንድ ጉድጓድ ስትጠብቅ አየን። አስጎብኚያችን «እዚሁ እንቁም» አለ። እኔ ሾፌሩን «ትንሽ ብቻ ጠጋ ይበሉልን» ብዬ ለመንኩ። ጎማው ጠጠሩን ሲያንኳኳ ብቅ ያለው ፍልፈል ተመልሶ ገባ። ቀበሮዋ ቀና ብላ አየችንና ሄደች። ልጄ «ቁርሷን አስመለጥንባት አይደል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ የአንድ ቁርስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ የቀሩት ያደጉ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው ባሌ ውስጥ ነው። ከከብት ጋር ወደ ተራራው የሚወጡ ውሾች የሚያመጡት የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ብዙዎቹን ጨርሷል። ግጦሽና እርሻም መኖሪያቸውን እያጠበበ ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም፣ ምዝገባው ብቻውን ቀበሮዎቹን አያተርፍም። እንዲህ ተጨንቆ ለሚኖር እንስሳ እኛ ተጨማሪ ሸክም መሆን የለብንም።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ቆምን። ሞተሩ ጠፋ፤ ልጆቹ ቆሎ እየቆረጠሙ በሹክሹክታ ማውራት ጀመሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አልነበረም። ከዚያ አንድ ቀበሮ በራሱ ፈቃድ ከመኪናችን ፊት መንገዱን አቋረጠ፤ ወደ እኛ ዞር ብሎም አላየ። ስልኬን ለማውጣት እንኳ አልታወሰኝም።

ከመሄድዎ በፊት

• ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ይመቻል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ጋቢና ወፍራም ጃኬት አይርሱ።

• ከፍታው ራስ ሊያሳምም ይችላል። የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ ወይም ጎባ አድረው፣ ውሃ እየጠጡ ቀስ ብለው ይውጡ። ሕመሙ ከበረታ ወዲያውኑ ወደ ታች ይመለሱ።

• የርቀት መነጽር ይያዙ፤ መጠጋት ሳያስፈልግ ያቀርብልዎታል።

• ከመንገድ አይውጡ፤ እንስሳትን አይመግቡ፤ ትርፍራፊ ምግብ አይጣሉ። የቤት ውሻዎን ቤት ይተዉት።

• ለልጆችዎ «ስንት እንስሳ እናያለን?» ከማለት ይልቅ «ማን ዝም ብሎ ይቆያል?» የሚል ጨዋታ ያስጀምሯቸው። ትልልቆቹም ይጫወቱት፤ ከሁሉም በላይ የሚከብደው ለእኛ ነውና።