«ጠጣሁት፤ ምንም አላደረገኝም»

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ አባቴ?» ብዬ አንድ ታካሚዬን ጠይቄያቸው ነበር። «የለም ልጄ» አሉኝ፤ አልዋሹም። ልጃቸው ከሜሪላንድ «ለጭንቀት ይጠቅምሃል» ብላ የላከችላቸው ሴንት ጆንስ ወርት የተባለ ተክል ለእሳቸው ቅጠል እንጂ መድኃኒት አልነበረም። ኩላሊት የተተከለላቸው ሰው ናቸው። ሰውነታቸው የተተከለውን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚወስዱት ታክሮሊመስ በደማቸው ውስጥ ለምን እንደወረደ ግራ ገብቶን የሰነበትነው በእኔ ጥያቄ ጉድለት ነው። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዚህ ሙያ የሰለቸኝ ንግግር ቢኖር «ጠጣሁት፤ ምንም አላደረገኝም» የሚለው ነው። ሰው ጉዳትን የሚያውቀው በቁርጠት፣ በማስመለስ፣ በሽፍታ ነው። በሴንት ጆንስ ወርት ውስጥ ያለው ሃይፐርፎሪን ግን ሆድ ሳይቆርጥ ጉበት ይደርሳል፤ ፒኤክስአር ከተባለው የኒውክሊየስ ተቀባይ ጋር ይያያዝና ሲዋይፒ3ኤ4 የተባለው ኢንዛይም በብዛት እንዲመረት ያደርጋል። ታክሮሊመስ፣ ሳይክሎስፖሪን፣ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን፣ ኢንዛይሙ የሚሰባብረው ሁሉ ቶሎ ያልቃል። ቅጠሉን የጠጣው ሰው ደህና ነው፤ የከዳው ሌላው መድኃኒቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከዙሪክ የተዘገቡት ሁለት የልብ ንቅለ ተከላ ታካሚዎች ሳይክሎስፖሪናቸው የወረደውና ሰውነታቸው የተተከለውን ልብ መግፋት የጀመረው በዚሁ ተክል ምክንያት ነበር።

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼም ከዚህ ስሕተት ነጻ አይደሉም። «ቅጠል ምን አቅም አለው?» ብለው ያልፉታል። ኤችአይቪ ያለበት የቲቢ ታካሚ ሪፋምፒሲን ሲጀምር የኤችአይቪ መድኃኒቱን ዶሉቴግራቪርን በቀን ሁለት ጊዜ እናደርግለታለን፤ ማንም አይከራከርም። ሪፋምፒሲን የሚቀሰቅሰው ያንኑ ፒኤክስአር ነው! ለኪኒኑ የምንጠነቀቀውን ያህል ለቅጠሉ የማንጠነቀቀው ለምንድን ነው?

የኒውክሊየስ ተቀባይን የሚነካ ነገር ምን አቅም እንዳለውማ ሻንጋይ ላይ በተሠራ ሕክምና አይተናል። ከቫይታሚን ኤ የሚገኘው ሬቲኖይክ አሲድ በሌላ የኒውክሊየስ ተቀባይ በኩል እየሠራ፣ በፍጥነት ይገድል የነበረውን አንድ የደም ካንሰር ዓይነት የሚድን በሽታ አድርጎታል። ያው ሬቲኖይክ አሲድ በእርግዝና ወቅት ከተወሰደ ፅንስ ያበላሻል። እንዲህ ያለ ነገር በሐኪም ተመጥኖ ይሰጣል እንጂ በሻንጣ ተልኮ በማንኪያ አይለካም።

የሴንት ጆንስ ወርት ዝግጅቶችም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ሃይፐርፎሪኑ አነስተኛ የሆነው ኢንዛይሙን እምብዛም አይቀሰቅስም። ስለዚህ ስሙን ብቻ አትንገሩን፤ ብልቃጡን ይዛችሁ ኑ። ፈርታችሁም በራሳችሁ አታቁሙት። ኢንዛይሙ ወደ ቀድሞው ልክ የሚመለሰው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ ሐኪሙ የወረደውን ታክሮሊመስ ለማካካስ መጠኑን ጨምሮ ከነበረ፣ ያ ጭማሪ ራሱ የተተከለውን ኩላሊት ይጎዳል።