«በቀለ»፦ ከእርሻ ማሳ የተገኘ የአባት ስም

በአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ ከተዘሩ በኋላ ገበሬው በጉጉት የሚጠብቃት ቃል «በቀለ» ናት። ይህችው ቃል ከዲክሲስ እስከ አሰላ በርካታ አባወራዎች የሚጠሩባት ስም ናት።

«በቀለ» ማለት ዘሩ አፈሩን ፈንቅሎ ወጣ ማለት ነው። ወላጆች ይህን ስም ሲያወጡ ዘራቸው እንዲቀጥል ያላቸውን ተስፋ ይገልጻሉ። በአፋን ኦሮሞም «ቢቂላ» የሚለው ስም ከዚሁ ከመብቀል ሐሳብ የተገኘ ነው። በመሆኑም በ1952 ዓ.ም. የሮም ኦሊምፒክን ማራቶን በባዶ እግሩ ያሸነፈው አበበ ቢቂላና የበቆጂው ተወላጅ ቀነኒሳ በቀለ በትርጉም የተቀራረበ የአባት ስም አላቸው።

የውጭ መገናኛ ብዙኃን «በቀለ»ን ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደሚተላለፍ የቤተሰብ መጠሪያ ይቆጥሩታል። በኢትዮጵያ ልማድ ግን የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል፤ በቀለ ለልጁ አባት፣ ለልጅ ልጁ አያት ሆኖ ይጻፋል። በዚያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም እንዲኖር ቢደነግግም፣ ልማዱ አልተለወጠም።

ስለዚህ ልጅን ከአያቱ የሚያገናኘው የሦስቱ ስሞች ሰንሰለት ነው። በመሬት ይዞታ ደብተር ላይ «በቀለ»፣ በመታወቂያ ላይ «በቀላ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ወራሹ የማን ልጅ መሆኑን ለማስረዳት ሊቸገር ይችላል። ልደት ሲመዘገብም ሆነ መታወቂያ ሲወጣ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በሁሉም ሰነዶች አንድ ዓይነት መሆኑን ከመፈረም በፊት ማረጋገጥ ይገባል።