ስለ ወታደር ሚስት የዕለት ኑሮ

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር)



ስለ ወታደር ጀግንነት ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። ሠራዊት ሲሸኝ ሰልፍ ይደረጋል፤ ሲመለስም እልልታ ይሰማል። በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል ያሉት ወራትና ዓመታት በአንዲት ጠባብ ቤት፣ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚያልፉ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። በዛሬው ንግግራችን ይህን ኑሮ ከነደስታውና ከነመከራው ለማስረዳት እንሞክራለን። ነገሩ ከሌላው ሰው ይልቅ እናንተን የመንግሥት ሠራተኞችን ይመለከታችኋል፤ ይህች ሴት ወረቀቷን ይዛ የምትቆመው ከእናንተ ጠረጴዛ ፊት ነውና።

በቀድሞ ዘመን የዘማች ሚስት ከቤት የምትቀር አልነበረችም። ሠራዊቱ የተደራጀ የስንቅ ክፍል ስላልነበረው ወታደሩ የሚበላውን ከቤቱ ይዞ ይወጣ ነበር። በሶውን የምትፈጭ፣ ድርቆሹን የምታዘጋጅ፣ ቋንጣውን የምትዘለዝል፣ በሰፈሩበትም ቦታ እንጨት ለቅማ፣ ውኃ ቀድታ የምታበስል ሚስቱ ወይም ሌላ የቤቱ ሴት ነበረች። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ዘመቻ እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ሠራዊት አስከትለው መዝመታቸው፣ በመቀሌም ምሽግ የጠላት የውኃ ምንጭ እንዲያዝ ማድረጋቸው የታወቀ ነው። የካቲት 23 ቀን በዋለው ውጊያም ሴቶች ውኃ እየተሸከሙ ለተዋጊውና ለቁስለኛው ያደርሱ ነበር። መከራው ከባድ ቢሆንም ባልና ሚስት አብረው ያዩት ነበር። ሚስት ባሏ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ የሰው አፍ አትጠብቅም ነበር።

ዘመናዊው ሠራዊት ሲቋቋም ይህ ሁሉ ተለወጠ። በ1927 ዓ.ም. የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላም ወታደሩ ደመወዝተኛ፣ መኖሪያውም ካምፕ እየሆነ ሄደ። ስንቁ ከመንግሥት ሲሰጥ ሚስት ከዘመቻው ወጣች። በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ወደ ኮሪያ በሄደ ጊዜ፣ እቤት የቀሩት ሚስቶች ባሎቻቸው የሄዱበትን አገር ስም እንኳ ከዚያ በፊት የሰሙ አልነበሩም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ጦርነት ከ120 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። በሐምሌ ወር 1952 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኮንጎ ተዘመተ። ከዚያ ወዲህ የወታደር ሚስት ዋና ሥራ መጠበቅ ሆነ። ይህም ሥራ ደመወዝና ማዕርግ፣ የዕረፍትም ቀን የለውም።

እንግዲህ ይህ ኑሮ ከምን ከምን የተሠራ እንደ ሆነ በየተራ እንመልከት።

መጀመሪያው ነገር ዝውውር ነው። ባል ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዛወር ቤት ይፈርሳል። አልጋውና ቁም ሣጥኑ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል፤ ምጣዱ በመኪና ላይ ይሰበራል። አዲሱ ሰፈር በደረሰች ማግስት ሴቲቱ ሊጥ ለማቡካት እርሾ የላትም፤ ስለዚህ የማታውቀውን የጎረቤት በር አንኳኩታ እርሾ ትለምናለች። በካምፕ ውስጥ ያለ ብዙ ወዳጅነት የተጀመረው በዚህች በአንዲት ጭልፋ እርሾ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ምሳሌ ለወታደር ሚስት የዕለት እንጀራዋ ነው።

ይሁን እንጂ በእርሾ የማይመለስ ጉዳት አለ። እናንተ በአንድ ከተማ ተቀምጣችሁ ለ10 ዓመት ወርኃዊ መዋጮ የከፈላችሁበት ዕድር በሐዘናችሁ ቀን ድንኳኑንና ወንበሩን ይዞ ይደርስላችኋል። እርሷ ግን በየ2ና በየ3 ዓመቱ ስትነሣ የከፈለችውን ትታ ትሄዳለች፤ በአዲሱም ቦታ መግቢያ ከፍላ እንደ ገና ከታች ትጀምራለች። የልጆቹም ትምህርት እንዲሁ ነው። በዓመቱ እኩሌታ መሸኛ አጽፋ የምትመጣው እናት ቦታ ሞልቷል ትባላለች። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በየአካባቢው ቋንቋ ስለሚሰጥ፣ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው የተዛወረ የ3ኛ ክፍል ልጅ የሚያውቀውን ሒሳብ በማያውቀው ቋንቋ ይጠየቃል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ አባቱ ወታደር ስለ ሆነ ነው። በሌላ በኩል ግን እንዲህ ያለው ልጅ ሁለትና ሦስት ቋንቋ አውቆ፣ ከየአገሩ ሰው ጋር ተዋዶ ያድጋልና ጥቅሙም አይዘነጋ።

ሁለተኛው ነገር የገንዘብ አያያዝ ነው። ባል ሲዘምት ደመወዙን የምትቀበለው፣ የቤት ኪራዩን የምትዋዋለው፣ በባንክና በፍርድ ቤት የምትቀርበው ሚስት ናት። ይህን ሁሉ ለማድረግ በሕግ የጸና የውክልና ወረቀት ያስፈልጋታል። ብዙ ጊዜ ግን ትእዛዝ በድንገት ይመጣና ሰውየው ውክልናውን ሳይሰጥ ይሄዳል። ያን ጊዜ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ሴቲቱ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ትመጣለች፤ ጸሐፊውም ወረቀቱን አገላብጦ፣

«ባለቤትሽ ራሱ ይምጣ» ይላታል።

«ጌታዬ፣ እርሱማ መምጣት ቢችል እኔ መች እቸገር ነበር?» ብላ ትመልሳለች።

ጸሐፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንቡን አክብሯል። ነገር ግን ደንቡን ከማክበሩ ጋር፣ ባልዋ ካለበት ክፍል ሆኖ ውክልናውን እንዴት ሊልክላት እንደሚችል፣ በየትኛው ክፍልም ደብዳቤ እንደሚጻፍላት በ5 ደቂቃ ሊያስረዳት ይችል ነበር። «ዛሬ ሂጂ፣ ነገ ነይ» ማለት ለሌላው ባለጉዳይ የአንድ ቀን ድካም ነው። ልጅዋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ለመጣች የዘማች ሚስት ግን የሳምንት ጉዳት ነው።

ሦስተኛው ነገር ወሬ ነው። በኮሪያው ዘመቻ ጊዜ ደብዳቤ ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ይፈጅ ነበር። ዛሬ በኪስ ስልክ የባልን ድምፅ በየቀኑ መስማት የሚቻልበት ጊዜ አለ። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን የራሱን ጭንቀት አምጥቷል። ቀድሞ ለአንድ ወር ደብዳቤ ባይመጣ መንገዱ ርቆ ነው ይባል ነበር፤ ዛሬ ስልኩ ለ2 ቀን ባይነሣ እንቅልፍ ይጠፋል። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በትግራይ የስልክ መስመር ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ስለ ነበረ፣ በየአገሩ የነበሩ እናቶችና ሚስቶች ያን ዝምታ ያውቁታል። በአገራችን ልማድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። ስለዚህ የዘማች ሚስት ጎሕ ሲቀድ የሰው ኮቴ ከደጅዋ ከሰማች ልብዋ ይመታል። የመጣው ውኃ ቀጂ ወይም ወተት ሻጭ ሆኖ ሲገኝ ፈጣሪዋን አመስግና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

አራተኛው ነገር መመለስ ነው። ሰው ሁሉ ባል ከተመለሰ ችግሩ አለቀ ብሎ ያስባል። በኑሮ የሚታየው ግን ሌላ ነው። ካትሊን ሎጋን የተባለች ሴት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ስለ አሜሪካ የባሕር ኃይል ሚስቶች በጻፈችው ጽሑፍ፣ መለያየት የሚያመጣውን የስሜት መለዋወጥ በ7 ደረጃ ከፍላ አስረድታለች። ከነዚህም ውስጥ ጥቂቶቹ የሚውሉት ባል ከመሄዱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ ነው። ባልና ሚስት በመሸኛው ሳምንት በትንሽ በትልቁ የሚጣሉት ስለ ተጠላሉ ሳይሆን መለያየቱ አስቀድሞ ስለ ከበዳቸው ነው። በእኛም አገር ይኸው ይታያል።

ሲመለስ ደግሞ እንዲህ ይሆናል። ሚስት አንድ ዓመት ሙሉ ቤቱን ብቻዋን አስተዳድራለች፤ ባል መጥቶ እንደ ቀድሞው ልዘዝ ይላል። ሕፃን ትቶት የሄደው ልጅ አባቱን ሲያይ ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ይሸሸጋል። ሰውየው ሌሊት ይባንናል፤ በር በኃይል ሲዘጋ ይደነግጣል፤ ያየውን አይናገርም። ይህ ንቀት ወይም ጥላቻ አይደለም፤ ጦርነቱ ከሰውየው ጋር እቤት ድረስ መግባቱ ነው። ስለዚህ ባል፣ ሚስቱ የያዘችውን የቤት አስተዳደር በአንድ ቀን ልንጠቅ አይበል። ሚስትም ዝምታውን በጥያቄ ብዛት አታስጨንቀው። ባንኖ መነሣቱና ቁጣው ከወር ወደ ወር የሚብስ ከሆነ ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። ጠበል መጠመቅ ሐኪምን አይከለክልም፤ ሐኪምም ጠበልን አይከለክልም።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ ሞቱም መኖሩም ያልታወቀ ሰው ሚስት ኑሮ ነው። የሞተበት አልቅሶ፣ ተዝካር አውጥቶ ይጽናናል። የጠፋበት ግን ልቅሶ መቀመጥ አይችልም፤ ተስፋውንም መጣል አይችልም። በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ከ400,000 የሚበልጡ ወታደሮች ያለ ሥራ ቀሩ፤ ከኤርትራም ወታደሮች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው በብዛት ወጡ። በዚያ ትርምስ ባልዋ የት እንደ ደረሰ ሳታውቅ የቀረች ሴት ብዙ ናት። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ከተደረገውም ጦርነት በኋላ እንዲሁ።

በዚህ ላይ ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ለ2 ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው የመጥፋቱን ውሳኔ ከፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ውሳኔውም የመጨረሻ ሲሆን ጋብቻው ይፈርሳል። አንባብያን ሆይ፣ ይህን ነገር በጥሞና ተመልከቱት። ለልጆችዋ መብት ስትል ወደ ዳኛ የምትቀርበው ሴት «ባሌ ጠፍቷል» ብላ በገዛ አፍዋ መናገር አለባት፤ ይህንንም ስትናገር ትዳርዋን በገዛ እጅዋ ያፈረሰች ይመስላታል። ብዙዎች ይህን ፈርተው ሳይጠይቁ ኖረዋል። ሕጉ የወጣው ሰውን ለማስጨነቅ አይደለም፤ የተንጠለጠለውን ነገር ለመቋጨት ነው። ነገር ግን ይህን በለሰለሰ ቃል የሚያስረዳት ሰው ያስፈልጋታል።

የሞቱ ነገር የተረጋገጠ እንደ ሆነ ደግሞ የጡረታ መብት አላት። በ1955 ዓ.ም. በወጣው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ሲቪሉም ወታደሩም በአንድ ሕግ ታቅፈዋል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 ለሟች ሚስት የሟቹን ጡረታ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ መድቦ ነበር፤ ይህም አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል። ዋናው ችግር የሚመጣው ከአዋጁ ሳይሆን ከማስረጃው ነው። በሽማግሌ ፊት የተጋባች፣ ልጆችዋንም በካምፕ የወለደች ሴት የጋብቻም የልደትም ወረቀት ላይኖራት ይችላል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ስለዚህ የወታደር ቤተሰብ ሁሉ ጋብቻውንና ልደቱን ሳይውል ሳያድር ያስመዝግብ፤ ውክልናውም ዘመቻ ሳይመጣ በሰላሙ ጊዜ ይሰጥ። ይህ ሟርት አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ኑሮው መከራ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። የካምፕ ሴቶች በዕቁባቸው ላም የገዙ፣ ልጅ ያስተማሩ፣ ሱቅ የከፈቱ አሉ። ባሎቻቸው በላይቤሪያ፣ ወይም ከ2003 ዓ.ም. ክረምት በኋላ በአብዬ በሰላም ማስከበር ዘምተው ባገኙት አበል ቤት የሠሩም አሉ። አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ባልዋ በሌለበት ስትጨነቅ መላው ሰፈር አብሮ ያድራል፤ በማግሥቱም ገንፎው ከየቤቱ ይመጣል። ብቻዋን ቤት ያስተዳደረች ሴት፣ ጣራ ሲያፈስ አስጠግና፣ ልጅ ሲታመም ሐኪም ቤት አድርሳ፣ ከአከራይ ጋር ተከራክራ ረትታ፣ ቀድሞ የማታውቀውን ችሎታዋን ታውቀዋለች። ዛሬ ደግሞ ሴቶችም በሠራዊቱ ውስጥ ስለሚያገለግሉ፣ ልጅ ይዞ ሚስቱን የሚጠብቅ ባል አለ፤ የተናገርነው ሁሉ ለእርሱም ይሆናል።

የዘማች ቤት ችላ ሲባል የሚመጣውን ነገርም ታሪክ ያሳያል። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. የነጌሌ ቦረና ወታደሮች ያመፁት በምግብና በመጠጥ ውኃ ችግር ምክንያት ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያ ዓመት የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ትንሽ የሚመስል የኑሮ ጉዳይ በጊዜው ካልተመለከቱት ትንሽ ሆኖ አይቀርም።

እንግዲህ ከእናንተ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። ዳይሬክተር ከሆናችሁ በዓመቱ እኩሌታ ለመጣው ልጅ አንድ ወንበር ፈልጉ። የመዝገብ ሠራተኛ ከሆናችሁ የጎደለውን ወረቀት ሁሉ በአንድ ጊዜ ዘርዝራችሁ ንገሩአት፤ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን እያላችሁ አታመላልሱአት። የዕድር ዳኛ ከሆናችሁ ተዛውራ የመጣችውን ሴት መግቢያ በየወሩ እየከፈለች እንድትጨርስ ፍቀዱላት። ጎረቤት ብቻ ከሆናችሁ ደግሞ ማታ ሲመሽ ደጅዋ ቆም ብላችሁ፣ «እንዴት ዋላችሁ? የጎደለ ነገር አለ?» በሉአት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው» ይባላል።

ነገ ማለዳ ቢሮአችሁን ስትከፍቱ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የታጠፈ ወረቀት በእጅዋ ይዛ ከበሩ አጠገብ የቆመች ሴት ታዩ ይሆናል። መጀመሪያ ወንበር ስጡአት።